«ምንም የለም» አትበሏቸው

እናቴ አሽቀሎን ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ባለ አራት ፎቅ ሕንጻ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። ማታ ከመተኛቷ በፊት ጫማዋን ወደ በሩ አዙራ ታስቀምጣለች። መታወቂያዋ፣ የኩፓት ሆሊም ካርዷ፣ የስኳር መድኃኒቷና ትንሽ ገንዘብ ያለበት ፌስታል በሩ እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ያድራል። ይሄ አዲስ አይደለም፤ ለጋዛ ቅርብ በሆነ ከተማ የሚኖር ሰው ሁሉ የየራሱ ዘዴ አለው። ካለፈው ዓመት ማርች ወዲህ ግን ፌስታሉ ላይ ማስክ ተጨመረ። ልብሷን ሳታወልቅ መተኛትም ጀመረች። «ለምን እማዬ?» ብላት፣ «ምን ይታወቃል» አለችኝ።

ዛሬ የምጽፈው ስለነዚህ ሁለት ቃላት ነው፤ «ምን ይታወቃል»።

እግዚአብሔር ይመስገን እስከዛሬ ኮሮና አልያዛትም። ሮኬትም ቤቷን አልነካውም። ነገር ግን በዚህ አንድ ዓመት ሰውነቷ አልቋል፣ እንቅልፍ የላትም፣ ስልክ ሲጮህ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። የመጣ ነገር አይደለም የጎዳት፤ ያልመጣው ነው። የእናቴ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አደባባይ አላወጣውም ነበር። ግን ገበያ ላይ ከማገኛቸው ሴቶች፣ ከሥራ ባልደረቦቼ፣ ዘንድሮ በስልክ ከምንደርሰው ለቅሶ ሁሉ የምሰማው አንድ ዓይነት ነው። «እናታችን ምንም ሳይሆኑ አለቁብን» ይላሉ።

አንድ ምሽት ልንገራችሁ። ሴፕቴምበር 15 ቀን 2020 ነበር። ዋሽንግተን ላይ ከኢምሬትስና ከባሕሬን ጋር ስምምነት እየተፈረመ ቴሌቪዥኑ ሁሉ እሱን ያሳያል። እናቴም እያየች ነበር፤ በስልክ እናወራለን። ልክ በዚያ ሰዓት አሽቀሎንና አሽዶድ ላይ ሳይረን ጮኸ። እኛ ከተማ ያለን ጊዜ 30 ሰከንድ ነው። እኔ አዲሱ ሰፈር ስለምኖር ልጆቼን ይዤ ማማድ ገባሁ። የእናቴ ሕንጻ ግን ማማድ የለውም፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መጠለያ ክፍል እንዲኖረው ግዴታ የሆነው ከባሕረ ሰላጤው ጦርነት በኋላ በተሠሩት ላይ ነው። ጉልበቷን የሚያማት ሴት በ30 ሰከንድ ከሦስተኛ ፎቅ ምድር ቤት ልትደርስ አትችልም። ስለዚህ እዚያ ሕንጻ ሰው የሚሰበሰበው ደረጃው ላይ ነው።

«ወጣሽ?» አልኳት።

«አልወጣሁም።»

«ለምን?»

«ሰው ሞልቷል። ማስክ አላደረጉም።»

በሩን ከፍታ፣ አንድ እግሯ ውጭ፣ አንድ እግሯ ውስጥ፣ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ብትወጣ በሽታው፣ ብትቀር ሮኬቱ። እኔ ስልኩን ይዤ ከመቁጠር በቀር ምን ላድርግ? አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት። ከታች ያሉት ሩሲያዊት ጎረቤቷ በምልክት «ነይ፣ ነይ» ይሏታል፤ እሷ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። አሽዶድ ላይ ሰው ቆሰለ፤ እኛ ጋ ምንም አልደረሰም። ከ3 ቀን በኋላ፣ በሮሽ ሃሻና ዋዜማ፣ ሁለተኛው ሰገር ገባ። በሩ ተዘጋ፤ እናቴ ግን በሐሳቧ እስከዛሬ እዚያው ደጃፍ ላይ የቆመች ይመስለኛል።

(የዚያን ምሽት ጥያቄ መልስ ቀላል ነው። ሲጮህ መጀመሪያ ከሮኬቱ ዳኑ፤ ማስኩ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን። እኔ ግን ይህን አስቀድሜ አልነገርኳትም። «ኮሮና» ስል «ሮኬት»ን ረስቼ ነበር።)

ሳይረኑ ምንም ቢያስፈራ አንድ ደግ ነገር አለው፤ ያልቃል። ይጮሃል፣ ትገባላችሁ፣ ድምፁን ትሰማላችሁ፣ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ትወጣላችሁ፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ትመለሳላችሁ። የአሽቀሎን ሰው ይህን ለምዶታል፤ ለምዶታል ማለት ግን አይጎዳውም ማለት አይደለም። ኮሮና ግን መጨረሻውን የሚነግር ድምፅ የለውም። «አሁን ውጡ» የሚል የለም። አንድ ዓመት ሙሉ 30ኛውን ሰከንድ እንደመጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ የኛ የልጆቹ ጥፋት ይመጣል።

ባለፈው ዓመት በማርችና በኤፕሪል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ማታ ማታ በቴሌቪዥን ይቀርቡ ነበር። በዕብራይስጥ ይናገራሉ፣ ሰንጠረዥ ያሳያሉ፣ ቀዩ መስመር ሽቅብ ይወጣል። እናቴ ቋንቋውን አታውቀውም፤ ፊት ማንበብ ግን ታውቃለች። እንደጨረሱ ትደውላለች።

«ምን አለ?»

«ምንም የለም እማዬ። እጃችሁን ታጠቡ ነው ያለው።»

ሰው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ እጅ መታጠብ አይናገርም! ይሄ ለሕፃንም አይጠፋውም። እኔ ግን እሷን ያሳረፍኩ መስሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ። ወንድሜም እንደዚሁ፣ እህቴም እንደዚሁ። ሦስታችንም በየፊናችን «ምንም የለም» እንላታለን፤ በመጨረሻ ሦስቱን «ምንም የለም» አንድ ላይ አድርጋ ስታስበው፣ ቤተሰቡ ተመካክሮ የደበቃት ትልቅ ነገር ያለ ይመስላታል።

መርዶ በኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመድ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ጎህ ሲቀድ በሩን ያንኳኳሉ። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ሰው «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነበር፣ ምንም የለም» ይላል። የተባረከ ባህል ነው፤ ሰውን ብቻውን ለሐዘን አይተውም። ነገር ግን በዚህ ባህል ያደገ ሰው አንድ ነገር ተምሯል፤ «ምንም የለም» ማለት «አለ» ማለት ነው። ድምፃችንን ዝግ አድርገን «ምንም የለም እማዬ» ባልን ቁጥር፣ በጆሯ የሚደርሰው በሩ ላይ የቆሙት ሽማግሌዎች ኮቴ ነው።

ይሄ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያስረዳኝም ቢዱድ ነው።

ባለፈው በጋ ቤቷ መጥታ የምትረዳት ሴት ኮሮና ተገኘባትና እናቴ 14 ቀን ቢዱድ እንድትገባ ታዘዘ። እኛ ልጆቿ አበድን። ምግብ በር ላይ አስቀምጠን ወደ ኋላ እንሸሻለን፣ በስልክ እናለቅሳለን። እሷ ግን 14 ሽምብራ ቆጥራ በቡና ሲኒ ውስጥ አደረገች። ማታ ማታ አንዷን አንስታ ወደ ሌላ ሲኒ ትጥላለች። ብታምኑም ባታምኑም ያን ሁለት ሳምንት ደህና ተኛች! ልብሷን አውልቃ።

«አትፈሪም?» አልኳት።

«ቀኑ ከተቆጠረ ምን አለበት? እኛ ለዚህ አዲስ ነን እንዴ?»

እውነቷን ነው። በመንደራቸው ሴት ወር አበባዋ ሲመጣ 7 ቀን የመርገም ጎጆ ትቀመጣለች። ወንድ የወለደች 40 ቀን፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤቷ ውጭ ትቆያለች። ምግቡ ሳይነካኩ በድንጋዩ አጥር ላይ ይቀመጥላታል። ከሌላው ሕዝብ ጋር የተነካካ ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ ጎረቤቶቻችን «አትንኩኝ» የሚል ስም ያወጡልን በዚሁ ነው። ሁለት ሜትር ራቁ የሚለው የጤና ጥበቃ ትእዛዝ ለእናቴ ዘግይቶ የደረሰ ዜና ነበር። መገለሉ አልከበዳትም፤ ቁጥር ነበረው፣ መጨረሻው ይታወቅ ነበር። 15ኛው ቀን ላይ «ነፃ ነሽ» ስትባል፣ በዚያው ሌሊት ልብሷን ለብሳ ተኛች።

ይህ የእናቴ ጠባይ ብቻ አይደለም። በ2016 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳትመው ነበር። 45 ፈቃደኛ ሰዎችን ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጡና በሥዕል ከሚታያቸው ድንጋይ ሥር እባብ አለ ወይስ የለም ብለው እንዲገምቱ አደረጉ። እባብ ካለ እጃቸውን የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይይዛቸዋል። ላባቸው፣ የዓይናቸው ብሌን ሳይቀር ይለካ ነበር። ታዲያ ሰዎቹ ከሁሉ በላይ የተጨነቁት መቼ ነው? ንዝረቱ መምጣቱ የተረጋገጠ ጊዜ አይደለም። ይምጣ አይምጣ እኩል በእኩል የሆነ ጊዜ ነው። «በእርግጥ ያምሃል» የተባለው «ምናልባት ያምህ ይሆናል» ከተባለው ይልቅ ረጋ ብሎ ተቀመጠ።

የኛ ሰው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላል። ያየ ሰው ነው የሚበረግገው። የእናቴ ትውልድ ደግሞ ያላየው እባብ ምን አለ?

በ1984 ከወገራ ተነስተን በእግር ሱዳን ስንገባ እኔ የ6 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው። እሷ ግን ሁሉንም ታስታውሳለች። በመንገድና በሱዳን መጠለያ ካምፖች ወደ 4 ሺህ የሚጠጋ የወገናችን ሰው እንዳለቀ በየዓመቱ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያው ላይ ይነገራል። አብዛኛው የሞተው በበሽታ፣ በረሃብና በውሃ ጥም ነው። እናቴ ስለዚያ ጊዜ ስትናገር ግን ከበሽታው ይልቅ ደጋግማ የምታነሳው ሌላ ነገር ነው። ማታ ማታ «ዛሬ ነው፣ ተዘጋጁ» ይባላል። ልጆቹን ጫማ አድርጋ ታስተኛለች። መኪና አይመጣም። በማግስቱም እንደዚሁ። «እሱ ነው ሰውን የገደለው፤ ‘ዛሬ ማታ’ እየተባለ አለመሄዱ» ትላለች። በዘመቻ ሙሴ፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ ባለው ጊዜ፣ ተራችን ሲደርስ ጫማችንን አድርገን ነበር የተገኘነው። ያልተዘጋጀ ቀርቷል። ወደ በሩ የዞረው ጫማ ከየት እንደመጣ አሁን ታያላችሁ። ያን ጊዜ ጠቅሞናል። «አትፍሪ፣ ተረጋጊ» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ይህን ልማድ ከንቱ ፍርሃት ብዬ ለመስደብ አፌ አይደፍርም።

ኖቬምበር 2020ን ደግሞ አስቡት። በወሩ መጀመሪያ ትግራይ ላይ ጦርነት ተነሳ። የእናቴ እህት ከነልጆቿ ጎንደር ከተማ ሆና ወደ እስራኤል ለመምጣት ዓመታት ጠብቃለች። እናቴ በየቀኑ ትደውልላት የነበረው ስለ ኮሮና ነበር። ኖቬምበር 13 ለሊት፣ በሰንበት፣ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር አየር ማረፊያዎች ሮኬት ተተኮሰ። ሮኬት፣ ጎንደር ላይ! እስከዚያ ድረስ ሮኬት የአሽቀሎን ጣጣ፣ ጎንደር ደግሞ የናፍቆት አገር ነበረች። በሁለተኛው ቀን፣ ኖቬምበር 15 ሌሊት ላይ፣ ከጋዛ ወደ አሽዶድና ወደ መሐል አገር ተተኮሰ። በማግስቱ ስግድ ነው። ቄሶቻችን ኢየሩሳሌም ላይ በጥቂት ሰው ብቻ ጸለዩ፤ ሌላው በቤቱ በቴሌቪዥን አየ። እናቴ ነጭ ልብሷን ለብሳ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ ሰገደች። ጾማ ስለዋለች ነው ብዬ ነበር፤ ማታ ዳቦዋን ቆርሳ እንኳ አልበላችም። «ከሁለቱም ወገን እየጠበቅሁ ነው» አለችኝ። ዲሴምበር 3 የመጀመሪያው አውሮፕላን 316 ሰዎችን ይዞ ሲያርፍ አክስቴ አልነበረችበትም። «መቼ?» ስንል መልስ የሚሰጠን አላገኘንም። ዛሬም ትጠብቃለች፤ እኛም።

ይህን ሁሉ ተሸክማ ሐኪም ዘንድ ስትቀርብስ? በኮሮና ምክንያት ሐኪሙን ያገኘችው በስልክ ነው። የልጄ ልጅ የምትላት የ14 ዓመት የልጅ ልጇ ነች የምታስተረጉመው። እናቴ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አለች። ልጅቷ «ሆዷን ያማታል» ብላ ተረጎመች። ምን ታድርግ? ሆዳችን የፍርሃታችንም የምስጢራችንም ቤት እንደሆነ እስራኤል ተወልዳ ያደገች ልጅ ከየት ታውቃለች? ሐኪሙ የሆድ ምርመራ አዘዘ። ሆዷ ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። «ምንም የለም» ተባለች። ይኸውላችሁ፣ ሐኪሙም እንደኛው!

ታናሽ ወንድሜ በዚህ አይስማማም። «እታለም፣ ሁሉን ብትነግሪያት እኮ ስኳሯ ይነሳል። እድሜዋን እያየሽ!» ይለኛል። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። እኔም አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ባለፈው ጃንዋሪ፣ በቀን ከ10 ሺህ በላይ ሰው በቫይረሱ የሚገኝባቸው ቀናት በነበሩበት ጊዜ፣ «ከእንግዲህ አልደብቅም» ብዬ ቁጥሩን ሁሉ በየምሽቱ አነበብኩላት፤ ስንት ተያዘ፣ ስንት ሞተ፣ የእንግሊዙ ዝርያ እንዲህ ነው። በሦስተኛው ቀን «ይብቃሽ» አለችኝ። ምን አድርጉ የማይል ቁጥር ሌላ ሳይረን ነው፤ መግቢያ የሌለው ሳይረን። በዋትስአፕ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የድምፅ መልእክቶችም እንደዚያው ናቸው። አንድ የማናውቀው ሰው እየተንቀጠቀጠ «ለምታውቁት ሁሉ ላኩ» ይላል፤ እኛም እንልካለን። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።

ታዲያ ምን ይበጃል? እኔ የደረስኩበትን ልንገራችሁ፤ ባለሙያ አይደለሁም። አሁን በየቀኑ ከምሽቱ 20:30 እደውላለሁ። ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት። የምነግራት ሦስት ነገር ነው፤ የታወቀውን፣ ያልታወቀውን፣ ያልታወቀው መቼ እንደሚታወቅ። «ሰገሩ ይራዘም እንደሆነ አላውቅም፤ እሁድ ይሰበሰባሉ፤ ሲወስኑ እነግርሻለሁ።» ከዚያ ስለ ሽሮ እናወራለን። መጀመሪያ ላይ «አላውቅም» ማለት ከብዶኝ ነበር፤ ልጅ ለእናቱ አላውቅም ሲል ያፍራል። ግን «አላውቅም» ስላት ድምፄን ዝግ አላደርግም፤ የምደብቀው የለኝማ። እሷም የምትፈትሸው ነገር አታገኝም። ክትባቱ ለ60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ሲጀመር ስለ ክትባቱ የማይወራ ወሬ አልነበረም። እኔ ግን ሁለቱን ቀጠሮ፣ በመካከላቸው ካለው 21 ቀን ጋር፣ በትልቅ ፊደል ጽፌ ፍሪጇ ላይ ለጠፍኩላት። ሽምብራዎቹን አወጣች፤ 21 ቆጠረች። ሁለቱንም ተወጋች።

ከቤት የሚያልፈው ግን የኛ ብቻ ዕዳ አይደለም። ማታ በዕብራይስጥ የተነገረ ትእዛዝ አሮጊቶቻችን ዘንድ በአማርኛ የሚደርሰው በስንት ሰዓቱ ነው? በዚያ መሐል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ወሬ ነው። የካን ሬካ የአማርኛ ሥርጭት አለ፤ ሽማግሌዎቻችን ያምኑታል፤ ግን ቀኑን ሙሉ የሚናገር አይደለም። ከሁሉ በፊት ትእዛዙ በሚነገርበት ሰዓት በቴሌቪዥኑ ግርጌ ሦስት መስመር አማርኛ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በድምፅ ይነገር። ከተማችንም ማማድ በሌላቸው አሮጌ ሕንጻዎች ደረጃ ላይ አንድ ወረቀት በዕብራይስጥ፣ በሩሲያኛና በአማርኛ ትለጥፍ፤ ሲጮህ የት ይቆማል፣ ማስክስ፣ ቢዱድ ላይ ያለ ሰውስ? ስንት ገንዘብ ያስወጣል? ኩፓት ሆሊሞችም የ14 ዓመት ልጅን አስተርጓሚ ማድረጉን ያቁሙ። አሮጊቷ «ሆዴን» ስትል «ምን እየጠበቁ ነው እማማ?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ቢገኝ የስንት ምርመራ ወጪ ይቀራል። ዕብራይስጥ የምትችሉ ልጆችም፣ እናንተም ጭንቅ ውስጥ ናችሁ፤ 1201 ብላችሁ ብትደውሉ ኤራን ውስጥ የሚሰማችሁ ሰው አለ። አያሳፍርም። እኔ ደውያለሁ።

ይህን የምጽፈው በፌብሩዋሪ 2021 አጋማሽ ነው። ሦስተኛው ሰገር ላላ ብሏል። እናቴ አሁንም ጫማዋን ወደ በሩ አዙራ ነው የምትተኛው፤ እሱን እንድትተው አልጠይቃትም። ልብሷን ግን አንዳንድ ቀን ታወልቃለች።

ትናንት በ20:30 ስደውል ስለ ፋሲካ ጠየቀችኝ። ያለፈውን ዓመት ፋሲካ፣ መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ብቻዋን ነበር ያሳለፈችው።

«ዘንድሮ አብረን ነን ወይ?»

«አላውቅም እማዬ።»

«መቼ ታውቂያለሽ?»

«ማርች አጋማሽ ላይ የሚታወቅ ይመስለኛል። ያኔም ካልታወቀ አልታወቀም ብዬ እነግርሻለሁ።»

ዝም አለች። ቀጥሎ በስልኩ ውስጥ የሲኒ ድምፅ ሰማሁ።

«ስንት ልቁጠር?» አለችኝ።